ካውንቱ የሰጠው ምልክት

ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት የውጭ አገር ጎብኚ ወደ መስኮቱ እየጠቆመች አስጎብኚውን ስትጠይቅ ሰማሁ። ከአለቱ ተፈልፍለው ከወጡት መስኮቶች አንዱ ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል ነው፤ ዓለም ስዋስቲካ የሚለው። አስጎብኚው ሳይደናገጥ «ይህ ከሂትለር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል» አላት። ልክ ነው። ለላሊበላ ይህ መልስ ይበቃል፤ ያንን መስኮት በፈለፈሉት እጆችና በናዚዎች መካከል አንድም የሚያገናኝ ክር የለምና።

ይኸው መልስ ግን የሚያጥርበት ቦታ አለ። የፊንላንድ አየር ኃይል ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረው በዚሁ መልስ ነው፤ «የእኛ ስዋስቲካ ከናዚ ጋር አይገናኝም፣ ይቀድመዋል» በማለት። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አምኜ ተቀብዬው ነበር። ምልክቱን የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳነብ፣ ከዚያም የሰውዬው ልጅ ቢሾፍቱ ድረስ መጥቶ የእኛን አየር ኃይል እንደመራ ሳስታውስ፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

እ.ኤ.አ. በ1918 ፊንላንድ ከሩሲያ ነፃነቷን ካወጀች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ ሕዝቧም «ነጮች» እና «ቀዮች» ተባብሎ እርስ በርሱ ይዋጋል። ማርች 6 ቀን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከስዊድን ተነሥታ የቦትኒያን ባሕረ ሰላጤ ተሻግራ ቫሳ በተባለች የፊንላንድ ከተማ አረፈች። አብራሪው ሌተና ኒልስ ኪንድበርግ ሲሆን ተሳፋሪው የአውሮፕላኗ ባለቤት ስዊድናዊው ባላባት ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን ነበር። አውሮፕላኗን ለነጮቹ ጦር በስጦታ ሰጠ። ክንፎቿ ላይ ሰማያዊ ስዋስቲካ ተስሎ ነበር፤ ካውንቱ የራሱ የመልካም ዕድል ምልክት አድርጎ የሚጠቀምበት። የነጮቹ ጦር አዛዥ ማነርሃይም ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ምልክት የአየር ኃይሉ መለያ አደረገው። ዛሬም የፊንላንድ አየር ኃይል የልደት ቀኑ አድርጎ የሚያከብረው ማርች 6ን ነው። ፊንላንዶች ምልክቱን ሃካሪስቲ ይሉታል፤ መንጠቆ መስቀል እንደማለት ነው።

ናዚዎች ስዋስቲካን የፓርቲያቸው ባንዲራ ያደረጉት በ1920 ነው። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ ፊንላንድ ሁለት ዓመት ትቀድማለች። የናዚው ጥቁርና ጋደል ያለ ነው፤ የፊንላንዱ ሰማያዊና ቀጥ ብሎ የቆመ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም።

ክርክሩ የሚጀምረው ካውንቱ ምልክቱን ከየት አመጣው ከሚለው ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ፣ ተማሪ ሳለ በጎትላንድ ደሴት ጥንታዊ የቫይኪንግ ድንጋዮች ላይ አይቶ ወደደው የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተማረ አውሮፓዊ ስዋስቲካን ሲያይ የሚያየው የጥንት ጌጥ ብቻ አልነበረም። በ1870ዎቹ ሽሊማን የትሮይን ፍርስራሽ ቆፍሮ ያንን ምልክት በብዛት ካገኘ በኋላ፣ «የአርያን ዘር ማኅተም» የሚለው ትርጉም በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ተስፋፍቶ ነበር። በ1918 ሙኒክ ውስጥ ቱሌ የተባለው የዘረኞች ማኅበር ይጠቀምበት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሂትለር ምልክቱን ሲያነሣው መርዙ ቀድሞ ገብቶበታል። «1918 ከ1920 ይቀድማል» የሚለው ሒሳብ ልክ ሆኖ ሳለ ለጥያቄው መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ካውንቱ ራሱ አለ። ኤሪክ ቮን ሮዘን ተጓዥና የሕዝቦችን ባህል አጥኚ ነበር፤ ደቡብ አሜሪካንም አፍሪካንም ዞሯል። በፌብሩዋሪ 1920 ወደ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሮከልስታድ የሚወስደው አብራሪ ፈለገ። በበረዶ ውሽንፍር መካከል ያደረሰው ያኔ ሥራ ፈላጊ የነበረው፣ በኋላ ከናዚ መሪዎች አንዱ የሆነው ጀርመናዊ የጦር አብራሪ ኸርማን ጎሪንግ ነው። ጎሪንግ በዚያ ቤት ከካውንቱ ሚስት እኅት ከካሪን ጋር ተዋወቀ፤ በኋላም አገባት። ከዚህ ተነሥተው «ጎሪንግ ስዋስቲካን ወደ ናዚዎች የወሰደው ከሮከልስታድ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አያስኬድም፤ ጎሪንግ ሂትለርን ያወቀው በ1922 ነው፣ ያን ጊዜ ባንዲራው ተሰቅሏል። ያለ ማስረጃ የተቀጠለ ወሬ እውነተኛውን ጥያቄ ያዳክመዋል እንጂ አይረዳውም። እውነተኛው ማስረጃ ሌላ ነው፤ ካውንት ኤሪክ በ1930ዎቹ፣ ናዚዝም ምን እንደሆነ በግልጽ በታወቀበት ጊዜ፣ በስዊድን ብሔራዊ ሶሻሊስት ፓርቲ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ። የ1918ቱን ሥጦታ ሲሰጥ በልቡ የነበረውን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በኋላ ራሱ የመረጠውን መንገድ ግን ከታሪኩ ቆርጦ ማውጣት ሐቀኝነት አይደለም። «የመልካም ዕድል ምልክት» የሚለውን ነግሮ እዚያ ላይ ማቆም ግማሽ እውነት ነው።

ደግሞ ምልክት የሚፈረደው በመነሻው ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ በተሠራውም ነው። ፊንላንድ ከ1941 እስከ 1944 ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ሶቪየት ኅብረትን ወግታለች። ሰማያዊው ስዋስቲካና ጥቁሩ በአንድ ግንባር በረሩ። በዚያው ጦር ውስጥ ፊንላንዳውያን አይሁድ ወታደሮች ነበሩ፤ በስቪር ወንዝ ግንባር የመስክ ምኩራብ ተክለው ይጸልዩ ነበር። በኖቬምበር 1942 ግን ያቺው ፊንላንድ ስምንት አይሁዳውያን ስደተኞችን ለጀርመኖች አሳልፋ ሰጠች፤ ከእነርሱ ከጦርነቱ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ «አይገናኝም» ማለት እንዴት ይቻላል? ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1945፣ አየር ኃይሉ ስዋስቲካውን ከአውሮፕላኖቹ አንሥቶ በሰማያዊና ነጭ ክብ ተካው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ፤ ለእኛ ቅርብ የሆነው እርሱ ነውና። ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የካውንት ኤሪክ ልጅ ነው። ጎሪንግ የአክስቱ ባል ነበር። የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገራችንን ሲወር የስዊድን ቀይ መስቀልን የአምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኞችን ሊያነሣ መጣ። ጣሊያኖች ቀይ መስቀል ያለበትን ድንኳን ሳይቀር ይደበድቡ በነበረበት ጊዜ ነው። በ1939 መጨረሻ ሶቪየት ፊንላንድን ስትወርር ወደዚያ ሄዶ ቦምብ መጣያ ተደርጎ የተለወጠ የመንገደኞች አውሮፕላን አበረረ። አስቡት፤ የአባቱ ሰማያዊ ስዋስቲካ የተሳለበትን አውሮፕላን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጃንሆይ አዲሱን አየር ኃይል እንዲያደራጅ ጋበዙት፤ የስዊድን አሠልጣኞችን ይዞ መጥቶ ቢሾፍቱ ላይ እስከ 1956 ድረስ አሥር ዓመት ያህል ሠራ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ወደነበረችው ቢያፍራ እርዳታ በአውሮፕላን አደረሰ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ እንደገና ኢትዮጵያ መጥቶ መንገድ ለማይደርስላቸው ረሃብተኞች ከአውሮፕላን እህል ያወርድ ነበር። በኦጋዴን ጦርነት፣ ጁላይ 13 ቀን 1977፣ ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሞተ። ሥራውን ሳይጨርስ በአገራችን አፈር ላይ የወደቀ ሰው ነው።

አባትየው ለአንድ አገር አየር ኃይል ምልክት ሰጠ፤ ልጁ ለሌላ አገር አየር ኃይል ዕድሜውን ሰጠ። ልጁን በአባቱ መንገድ አንፈርድበትም። አባቱንም በልጁ ደግነት አናጥበውም። ሁለቱንም እንደየሥራቸው መተረክ እንችላለን፤ ፊንላንዶችም ከዚህ የተለየ ነገር አልተጠየቁም።

እነርሱ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በጃንዋሪ 2017 የአየር ኃይሉ ማዘዣ ስዋስቲካውን ከመለያው አወጣና የወርቅማ ንስር ምስል ተካበት። ለሕዝብ የተነገረ ነገር አልነበረም። ለውጡን በ2020 አስተውሎ ወደ አደባባይ ያወጣው በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ፖለቲካ ፕሮፌሰር የሆነው ቴይቮ ቴይቫይነን ነው። አየር ኃይሉም ምልክቱ አንዳንድ ጊዜ አለመግባባት ይፈጥር ስለነበር ማስቀጠሉ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም አለ። በ2025 ደግሞ ፊንላንድ ኔቶን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በአየር ኃይሉ ክፍሎች ባንዲራዎች ላይ የቀረው ስዋስቲካም እንደሚነሣ ይፋ ሆነ።

እኔ ማንሣቱን እደግፋለሁ። የማልደግፈው ዝምታውን ነው። «አለመግባባት» የሚለው ቃል ጥፋቱን የተመልካቹ ያደርገዋል። ወላጆቹን በአውሽቪትዝ ያጣ ሰው ያንን ምልክት አይቶ ሲደነግጥ የተሳሳተው ነገር የለም። ዝምታው አባቶቻቸው በዚያ ምልክት ሥር ለነፃነት የሞቱባቸውንም ይጎዳል፤ ምልክቱ በድብቅ ሲወርድ አባቶቻቸው በድብቅ የተከሰሱ ይመስላቸዋልና። ለሁለቱም የሚገባው ሙሉውን ታሪክ ከነካውንቱ ከነጎሪንግ ከነስምንቱ ስደተኞች በአደባባይ መናገር ነበር። ሥራው ገና አላለቀም፤ ሠዓሊው አክሴሊ ጋለን ካሌላ በ1918 በነደፈው የነፃነት መስቀል ኒሻን ላይ ያለው ስዋስቲካ የፊንላንድ ፕሬዚዳንት ባንዲራ ጥግ ላይ አሁንም አለ።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንጨምረው አለን። ካውንት ካርል ጉስታፍ ከአባቱና ከአባቱ ምልክት ጋር እንዴት እንደኖረ ከስዊድኖች ይልቅ አጠገቡ የበረሩ ኢትዮጵያውያን ያዩት ነገር ይኖር ይሆናል። ቢሾፍቱ ላይ ከእርሱ ጋር የሠለጠናችሁ፣ ወይም ከሠለጠኑ አባቶቻችሁ የሰማችሁ አንባቢዎች፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ፎቶግራፍም ደብዳቤም ካላችሁ ሳይጠፋ አውጡት።