የዕቁቡ ብር፣ አሮጌዋ ካሜራና አዲሷ

«ካሜራ ልገዛ አስቤያለሁ፤ የቱን ትመክረኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይደርሰኝ ያለፈ ወር አላስታውስም። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የልጆቻቸውን ዕድገት ከስልክ በተሻለ ነገር ማስቀረት የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃትና ሠርግ እያነሱ እንጀራ ለመብላት ያሰቡ ወጣቶች። ሁሉም የሚጨርሱት ግን በአንድ ሐሳብ ነው፤ «ያገለገለውን ልያዝ ወይስ ጨክኜ አዲሱን ልግዛ?»

ዘንድሮ ጥያቄው ከራሴ ቤተሰብ መጣ። የታላቅ ወንድሜ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ልቧ ያለው ፎቶግራፍ ላይ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህታችን ይህን ስትሰማ ስትሠራበት የቆየችውን ካኖን ኤም 50 ካሜራ ከነሌንሱ በመንገደኛ ላከችላት። ልጅቷ ግን ዓይኗን የጣለችው አዲሷ ካኖን አር 50 ላይ ነበር። አባቷ ደግሞ በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣለት። ያ ብር ከመጀመሪያውም የታሰበው ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «ጋሼ፣ አንተ ንገረው፤ በአሮጌ ካሜራ ሥራ አይጀመርም» አለችኝ። ወንድሜ በበኩሉ «በእጅ ያለ ነገር እያለ ለምን ዕዳ እንገባለን?» አለ። ሁለቱም ፍርዱን ለእኔ ሰጡ። አዲሷን ከአንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ለሁለት ሳምንት ተዋስኩና ሁለቱንም ይዤ ቤተሰቡ መሐል ገባሁ። ያየሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ትንሽ። ሚረርለስ ማለት መስታወት አልባ ማለት ነው። ለዓመታት በየሠርጉ ያየናቸው ትልልቅ ካሜራዎች በውስጣቸው መስታወት ነበራቸው። መስታወቱ ምስሉን ወደ ዓይናችን ይልካል፤ ስናነሳ ቀጭ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ሚረርለስ ይህ የለውም። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ እኛም የምናየው ሴንሰሩ ያየውን በትንሽ ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ ካሜራው ያንሳል፣ ይቀላል፤ ፎቶው ሊጨልም ወይም ሊነጣ ከሆነም ከማንሳታችን በፊት እናየዋለን። ለጀማሪ ይህ ትልቅ መምህር ነው።

ኤም 50 ይፋ የሆነችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ነው። አር 50 የመጣችው ልክ በአምስት ዓመቷ፣ በየካቲት 2023 ነው። ሁለቱም ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ያለ ሌንስ አሮጌዋ 780 ዶላር ገደማ፣ አዲሷ ደግሞ 680 ዶላር ገደማ ነበሩ። አዎ፣ አዲሷ ስትወለድ ከታላቋ በመቶ ዶላር ረክሳ ነው። ዛሬ ግን የምናነጻጽረው የመውጫ ዋጋቸውን አይደለም። አንዷ ያገለገለች ናት፣ አንዷ በካርቶን ያለች።

እስቲ ከሚመሳሰሉበት ልነሳ። ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ የሴንሰራቸውም መጠን እኩል ነው። ከሁለቱም የሚወጣው ፎቶ በአግድም 6000፣ በቁም 4000 ነጥብ አለው። ይህ በጥሩ ጥራት ሲታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ፎቶ ይወጣዋል። ሳሎን ውስጥ ከምንሰቅለው ከአብዛኛው ፎቶ ይበልጣል ማለት ነው። የሁለቱም ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፣ በጣትም ይታዘዛል። የውጭ ማይክራፎን መሰኪያ በሁለቱም ላይ አለ። ክብደታቸውም ባትሪና ካርድ ተጨምሮ ከ400 ግራም በታች ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ከሁለቱም ያነሳኋቸውን አሥር ፎቶዎች በአልበም መጠን አሳጥሜ፣ ከጀርባቸው ብቻ ምልክት አድርጌ ለቤተሰቡ በተንኳቸው። የወንድሜ ልጅ «ይቺ የአዲሷ ናት» እያለች የለየቻቸው ግማሾቹ የአሮጌዋ ሆነው ተገኙ። እናቴ ደግሞ መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አየችና አንዷን ለራሷ አስቀረች። ትንሹ የልጅ ልጇ ጉርሻ አምልጦት የሚስቅባት ፎቶ ናት። በየትኛዋ ካሜራ እንደተነሳች አልጠየቀችም። ፎቶዋ የአሮጌዋ ነበረች።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ነው? የመጀመሪያው የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ የሚነሳን ሰው አሮጌዋ ፊቱን፣ ዓይኑንም ሳይቀር አግኝታ ፎከስ ታደርጋለች። ዓይን የመፈለግ ችሎታዋ ግን የሚሠራው አንድ ጊዜ ፎከስ አድርጎ በሚቆመው አሠራር ብቻ ነው፤ ሮጦ የሚመጣን ልጅ ዓይን እየተከተለች አትይዝም። አዲሷ ዓይኑን ይዛ እስከ መጨረሻው አትለቅም። ሰውን፣ እንስሳንና ተሽከርካሪን ለይታም ታውቃለች። በሰከንድ የምታነሳው ፎቶ 12 ሲደርስ፣ አሮጌዋ ፎከስ እየተከተለች ስታነሳ 7 ገደማ ነው። ግቢ ውስጥ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች በሁለቱም አንስቼ ነበር። ከአሮጌዋ ጥርት ብለው የወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከአዲሷ የተበላሹት ጥቂቶች ናቸው። ልጅ አንድ ቦታ ረግቶ እንደማይቆም ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

ሁለተኛው ልዩነት ቪዲዮ ነው፤ እዚህ ላይ አሮጌዋ በግልጽ ትሸነፋለች። ፎር ኬ የሚባለውን ጥራት ያለው ቪዲዮ ትቀዳለች፤ ነገር ግን ስትቀዳ የምስሉን ዙሪያ ቆርጣ መሐሉን ብቻ ነው የምትወስደው። ፎከሷም በዚያ ጥራት ላይ ዘገምተኛ ይሆናል፣ ትክክለኛውን ቦታ ፍለጋ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይዋልላል። አዲሷ ሙሉውን ስፋት ትቀዳለች፤ ፎከሷም ሳያመነታ ይከተላል። አሮጌዋ አንድ ጊዜ ከጀመረች ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ታቆማለች፣ አዲሷ እስከ አንድ ሰዓት ትሄዳለች። አሮጌዋን ለቪዲዮ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎር ኬውን ተዉትና በፉል ኤችዲ ቅዱ። ያን ጊዜ ፎከሷ ፈጣን ነው፣ ስፋቱም አይቆረጥም።

ሦስተኛው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። በትንሽ ሳሎን ውስጥ አሮጌዋ ትሻላለች! ምክንያቱ አብሯት የሚሸጠው ሌንስ ነው። የአሮጌዋ ሌንስ ከ15 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአዲሷ ከ18 እስከ 45። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት አትበሉ። ከሰዎቹ ሦስት ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ አሮጌዋ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ታሳያችኋለች፤ አዲሷ ሦስት ሜትር ከሰባ። ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ ወደ ኋላ መሄጃ ሲጠፋ፣ ያ ልዩነት ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት አክስት ፎቶው ውስጥ መግባት አለመግባታቸው ነው። በዚያ ላይ የአሮጌዋ ሌንስ ሰፊውን ሲያሳይ የሚከፈተው እስከ 3.5 ነው፤ የአዲሷ እስከ 4.5 ብቻ። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለአዲሷ ሰፋ የሚሉና ብርሃን በደንብ የሚያስገቡ ሌንሶች በገበያ አሉ፤ ግን ለየብቻ የሚገዙ ናቸው።

አራተኛው ባትሪና መብራት ነው። አሮጌዋ በአንድ ባትሪ ታነሳለች የሚባለው 235 ፎቶ ገደማ ነው። ለቤት ልደት ይበቃል፣ ለሠርግ አንድ ሩቡን ቀን አይዘልቅም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ባትሪ ግድ ነው። ባትሪው የሚሞላውም ወጥቶ በቻርጀሩ ብቻ ነው። የአዲሷ ባትሪ ጠንከር ያለ ከመሆኑም በላይ፣ ካሜራዋ ውስጥ እንዳለ በዩኤስቢ ታይፕ ሲ ሊሞላ ይችላል። ፒዲ የሚባለውን ፈጣን ኃይል የሚሰጥ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ያስፈልገዋል እንጂ፣ መብራት ሲጠፋ መላ አለው ማለት ነው።

አምስተኛውና ለወንድሜ ልጅ ወሳኝ የሆነው የሌንስ ጉዳይ ነው። ካሜራ ያረጃል፣ ሌንስ ይከርማል። አሮጌዋ የምትወስደው ኢኤፍ ኤም የሚባለውን የሌንስ ዓይነት ነው። ካኖን ይህን መስመር እ.ኤ.አ. በ2012 ጀምሮ በ2023 አቁሞታል። ሌንሶቹ ያገለገሉ ይገኛሉ፣ አዲስ ግን አይወለድም። ከዚህ የከፋው ደግሞ እነዚህ ሌንሶች ወደ አዲሷ ካሜራ የማይዛወሩ መሆናቸው ነው፤ የሚያጋባቸው የካኖን ማገናኛ የለም። አዲሷ የምትወስደው አርኤፍ የሚባለውን ነው፤ የካኖን የወደፊት መንገድም እሱ ነው።

ሆኖም መውጫ አለ። ከ1987 ጀምሮ ለመስታወት ባላቸው የካኖን ካሜራዎች የተሠሩት ኢኤፍ ሌንሶች በማገናኛ በሁለቱም ላይ ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዷ ማገናኛው ለየብቻ ነው። እነዚህ ሌንሶች በአገራችን ፎቶ አንሺዎች እጅ በብዛት አሉ። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ሌንስ የሰውን ፊት ለብቻው ለማንሳት ግሩም ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሌንሶች ጋር ሲነጻጸር ይቀላል። ዛሬ ለአሮጌዋ የተገዛ እንዲህ ያለ ሌንስ ነገ ካሜራው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ገንዘቡ የማይሞት ቦታ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ሠርግ ለማንሳት ለምታስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ሁለቱም ካሜራዎች የሚይዙት አንድ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ቢበላሽ የሰው ሠርግ አብሮ ይጠፋል፤ ሠርግ ደግሞ አይደገምም። የቀኑን ሥራ በአንድ ትልቅ ካርድ ከመጨረስ ይልቅ በሦስት በአራት ካርድ ከፋፍሉት፣ ማታውኑም ሁለት ቦታ ገልብጡት። ሌላው ፍላሽ ነው። አዲሷ የፍላሽ መሰኪያዋ አዲስ ዓይነት ስለሆነ የካኖንን የቀድሞ ፍላሾች ለመጠቀም ተጨማሪ ማገናኛ ትፈልጋለች። በውሰት ፍላሽ ልሥራ ያለ ሰው አስቀድሞ ይሞክር።

ያገለገለ የምትገዙም ደላላውን ሳይሆን ካሜራውን ስሙት። ሌንሱን ጠበብ አድርጋችሁ፣ ማለትም ቁጥሩን 16 ላይ አድርጋችሁ፣ ነጭ ግድግዳ አንሡና አጉልታችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ፤ ይጸዳል፣ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ስክሪኑን ከፍታችሁ አዙሩት፤ ማጠፊያው የላላ ከሆነ ተጠራጠሩ። ሌንሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሽከርክሩ፣ በየመሐሉም ፎከስ አድርጉ። ማይክራፎን ሰክታችሁ ቅዱ። ባትሪውን ሞልታችሁ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ቅዱበት፤ ምልክቱ ወዲያው ከወረደ የባትሪ ዋጋ ጨምራችሁ አስቡ። ቻርጀሩ ከሌለም እንደዚያው።

አሁን ወደ ፍርዱ። ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ፣ ወይም የሚሮጥ ልጅና ስፖርት የምታነሱ ከሆነ፣ ብሩም ከሌላ ጉዳይ የማይቀነስ ከሆነ አዲሷን ግዙ፤ ልዩነቷን በየቀኑ ታዩታላችሁ። ካሜራው የሚፈለገው ለቤተሰብ መታሰቢያ ከሆነ፣ ወይም ገና እየተማራችሁ ከሆነ፣ አሮጌዋ ከነሌንሷ ከበቂ በላይ ናት። ያገለገለችዋ ዋጋ ወደ አዲሷ በጣም የተጠጋ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ወደ ተዘጋ መንገድ ብዙ ብር ይዞ አይገባም።

ለወንድሜ ልጅ ያልኳትም ይህንኑ ነው። ካሜራዋ በነጻ መጥታለች፤ ስለዚህ ለጊዜው የሚያስፈልጋት ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ጥሩ ካርድ፣ ማገናኛና ያገለገለ ባለ 50 ሌንስ ነው። ይህ የአዲሷን ካሜራ ዋጋ አይጠጋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላላትም፤ እውነቷን ነው፣ ወጣት አዲስ ነገር ይወዳል። አባቷ ደግሞ አንድ ቃል ገባላት፤ በአሮጌዋ ሠርታ የአዲሷን ግማሽ ካጠራቀመች ግማሹን እሱ ከሚቀጥለው ዕቁብ ይሞላል። የወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ በሰዓቱ ተከፈለ። እሷም የጎረቤት ልጅ ክርስትና አንስታ የመጀመሪያ ክፍያዋን ተቀብላለች።

በመጨረሻ አንድ አደራ። በየትኛውም ካሜራ አንሡ፣ ግን አሳትሙ። በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ተቆልፎ የቀረ ፎቶ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። በወር አምስት ፎቶ መርጦ ፎቶ ቤት ወስዶ አልበም ውስጥ ማስገባት ከሁለቱም ካሜራዎች የሚረክስ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር ነው። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።