ሞቷል ከማለት በፊት

ከኮምፒውተር ክፍላችን በስተጀርባ ያለውን የዕቃ ቤት በር ገፋ አድርጎ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይመለስም። ኮምፒውተሮቹ እንደ ማገዶ ተደራርበው፣ አቧራ ለብሰው፣ በየግንባራቸው «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ይታያሉ። ከዚያው በር ፊት ለፊት ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር ለሦስት የሚጋራው ተማሪ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። እነዚህ ዕቃዎች በቅርቡ ከመዝገብ ተሰርዘው እንደሚወገዱ ሰምተናል። ኅብረታችን የሚያቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። መሞታቸውን ያረጋገጠው ማን ነው? በምንስ ምርመራ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛችን የኮምፒውተሩን የማስነሻ ፕሮግራም በማደስ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ለጥገና የወሰደለት ባለሙያም ብዙ ሳይመረምር «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ» ብሎ አሰናበተው። የተጠራው ዋጋ ከተማሪ ኪስ ጋር የሚነጋገር አልነበረም። በኋላ አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ ኮምፒውተሩን በካቻቢቴ ፈታው፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ስምንት እግር ያላት ቺፕ ፈልጎ አገኘ፤ በክሊፕ ቆንጥጦ ይዞ በውስጧ ያለውን ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጦ ተመለከተ። ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ባዶ ነበር። ሠሪው ፋብሪካ ለዚያው ሞዴል ያወጣውን ሙሉ ጽሑፍ መልሶ ቢጽፍበት ኮምፒውተሩ ተነሣ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ የጠፋው ጽሑፍ ብቻ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ነገር ሥሩ ምንድን ነው? የማብሪያውን ቁልፍ በምንጫንበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ ገና ምንም አያውቅም። ዲስክ መኖሩን አያውቅም፤ በብዙ ኮምፒውተሮችም ዋናው ራም እንኳ ለሥራ አልተዘጋጀም። በዛሬዎቹ የተለመዱ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ዘንድ የሚያውቀው አንድ የተወሰነ አድራሻ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ4 ጊጋባይት ወሰን 16 ባይት ዝቅ ብሎ የሚገኘው ነው። በዚያ አድራሻ የሚገኘው የማስነሻ ፕሮግራም ራሙን ያነቃል፤ ስክሪኑንና ዲስኩን ያዘጋጃል፤ ከዚያም ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል። ይህ ፕሮግራም ቀድሞ ባዮስ ይባል ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ዩኢኤፍአይ በሚባለው ተተክቷል። የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 16 ሜጋባይት ብቻ በምትይዝ ቺፕ ውስጥ ነው። እርሱ ከተበላሸ ከበላዩ ያለው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሬሳ ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከዐይን የተሰወረ አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ባወጣ ጊዜ የባዮሱን ሙሉ ጽሑፍ በቴክኒክ መጽሐፉ አትሞ ነበር። መብቱ የኩባንያው ቢሆንም የፈለገ ሰው ሊያነበውና ሊማርበት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ፋብሪካዎች በየፊናቸው ጽሑፉን መዝጋት ልማድ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠራው ሮን ሚኒክ አያሌ ኮምፒውተሮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ለማሠራት በሚደክምበት ጊዜ ይኸው ልማድ እንቅፋት ሆነበት። የተዘጋው ባዮስ ኪቦርድ አላገኘሁም ብሎ የሚቆም፣ ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫንለት የሚጠብቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የተጀመረው ሊኑክስባዮስ እ.ኤ.አ. በ2008 ስሙ ተለውጦ ኮርቡት ተባለ። ጽሑፉ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ያሻሽለዋል። ሥራውም ውስን ነው፤ ሃርድዌሩን አንቅቶ ወዲያውኑ እንደ ሲባዮስ ወይም እንደ ግራብ ላለ ለሌላ ፕሮግራም ያስረክባል። ይህን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር ጎግል ክሮምቡክ በሚባሉት ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚጠቀምበት ይኸንኑ መሆኑን ይወቅ።

ታዲያ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? በብዙ በኩል ይመለከተናል። ወደ እጃችን የሚገባው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ነው፤ ሠሪው ፋብሪካም እርማት ማውጣቱን ካቆመ ቆይቷል። ጽሑፉ የተዘጋ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ስሕተት እስከ መጨረሻው ስሕተት ሆኖ ይኖራል። እንዲሁም አንዳንድ የማስነሻ ፕሮግራም በዝርዝሩ ያልተመዘገበ የዋይፋይ ካርድ ሲገባበት አልነሣም ይላል። ካርዱ ደኅና፣ ኮምፒውተሩም ደኅና ሆኖ ሳለ የሚከለክለው ፕሮግራሙ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው በገዛ ዕቃው ላይ ፈቃድ ጠያቂ ከሆነ ባለቤትነቱ ምኑ ላይ ነው?

አንዳንዶች «ይህ ነገር አደገኛ ነው፤ ደኅናውን ታበላሹታላችሁ» ይሉ ይሆናል። አነጋገሩ እውነት አለበት፤ ልንሸሽገውም አንፈልግም። ኮርቡት የሚሠራው በተወሰኑ ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በወጡ በብዙ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ቡት ጋርድ የሚባል መቆለፊያ አለ፤ ፋብሪካው ይህን ከቆለፈው በኋላ የእርሱ ፊርማ የሌለበት የማስነሻ ፕሮግራም ተቀባይነት የለውም። ኮርቡት በሚሠራባቸው አዳዲስ ሞዴሎችም ቢሆን ራሙን ለማንቃት ኢንቴል የሚሰጠውን ዝግ ክፍል መጠቀም የተለመደ ነው። ስለዚህ የተከፈተ ጽሑፍ ሁሉን በሽታ የሚፈውስ ጠበል ነው አንልም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይነሣ ኮምፒውተር ሁሉ የማስነሻ ፕሮግራሙ ጠፍቶበታል ማለት አይደለም። ምርመራው ሥርዐት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠው ቮልት በቴስተር ይለካ። ቀጥሎ ለመነሣት የማያስፈልገው ሁሉ ይነቀል፤ ራሙ ወጥቶ እግሩ ይጠረግና አንድ በአንድ እየተተካ ይሞከር። ኮምፒውተሩ የሚያሰማው የጥሪ ድምፅ ወይም የሚያሳየው ብልጭታ ይቈጠርና ከሞዴሉ መመሪያ ጋር ይመሳከር። 3 ቮልት የምትይዘው ክብ የድንጋይ ባትሪም ትለካ። ወደ ቺፑ የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ኤሌክትሪኩና ባትሪው ተነቅለው፣ ጽሑፉ ፍላሽሮም በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ተነብቦ ሁለቱ ንባቦች አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ። ኮምፒውተሩ የራሱን መለያ ቍጥር በዚያው ቺፕ ውስጥ ሊይዝ ስለሚችል ግልባጩ በደኅና ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚህ በፊት ማንም አንዲት ፊደል እንዳይጽፍ። ቮልቱንም ማወቅ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ቺፖች 3.3 ቮልት፣ አንዳንድ አዳዲሶች 1.8 ቮልት ይፈልጋሉ። በገበያ በርካሽ ከሚገኙት መጻፊያዎች መካከል ግን በምልክት መስመራቸው 5 ቮልት የሚልኩ አሉ። ይህን ሳያውቅ የነካ ሰው ያልሞተውን ይገድላል።

መምህሮቻችን በአክብሮት ይስሙን። በክፍል ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሥዕል በሰሌዳ ላይ እየሣልን ነጥብ እናገኛለን፤ እውነተኛውን ማዘርቦርድ ሳንነካ ግን እንመረቃለን። የተከፈተ የማስነሻ ጽሑፍ ከራም መንቃት እስከ ዲስክ መጀመር ድረስ ያለውን ሥራ በመስመር በመስመር የሚያሳይ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። እኛ ተማሪዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። ዲፕሎማውን እንጂ ዕውቀቱን የማንከተል፣ እጃችን አቧራ እንዳይነካው የምንጠነቀቅ ብዙዎች ነን። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ የኮምፒውተርን ውስጥ ያላየ ሰው የቀረበትን አያውቅም።

ስለዚህ ኅብረታችን የሚጠይቀው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የማስወገጃው መዝገብ ከመፈረሙ በፊት እነዚያ ኮምፒውተሮች በአንድ መምህር ኀላፊነት ለሁለት ሳምንት ለተማሪዎች ምርመራ ይሰጡ። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ያለባቸው ዲስኮች ቀድመው ይውጡ፤ የሰው ምስጢር ለማየት አንፈልግም። ሁለተኛ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ ክሊፕና ቮልቱ የተረጋገጠ አንድ መጻፊያ ይመደብልን። ሦስተኛ፣ በየኮምፒውተሩ የታየው ምልክት፣ የተደረገው ምርመራና ውጤቱ፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከዜሮ እንዳይጀምር። አራተኛ፣ ወደፊት ኮምፒውተር ሲገዛ ዋጋውና ውበቱ ብቻ ሳይሆን የማስነሻ ፕሮግራሙ ሊነበብና ሲበላሽ ሊመለስ የሚችል መሆኑም ይጠየቅ።

ሁሉም ይነሣሉ ብለን ተስፋ አንሰጥም። ከአሥሩ ሁለቱ ቢነሡ እንኳ በሰልፉ ላይ ለቆሙት ተማሪዎች ሁለት ወንበር ይጨመራል። የቀሩት ደግሞ በእውነት የሞቱ ከሆነ ምክንያታቸው ተጽፎ ይወገዱ፤ መለዋወጫቸውም ለሌላው ይትረፍ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የማይሠራ» የሚል ወረቀት አይቶ ብቻ ማለፍ አይገባውም። ለምን እንደማይሠራ መጠየቅ የመጣበት ጉዳይ ነውና።