ስለ ልጆች ተንቀሳቃሽ ሥዕል፤ የመኪናው ብልሃትና የሠዓሊው ምርጫ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ንጽሕናቸውና ስለ ትምህርታቸው ብዙ ጊዜ ጽፈናል። በዓይናቸው ስለሚመገቡት ነገር ግን የጻፍነው ጥቂት ነው። በዛሬው ዘመን ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ በመስተዋት ላይ የሚሮጠውን ሥዕል ማየት ይለምዳል። ወላጆችም ስለዚሁ ሥዕል ሲነጋገሩ «ሁሉም አንድ ነው፤ እንስሳው ይናገራል፤ ልጁም ይሥቃል» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ግን አንድ አይደለም እንላለን። ጨርቅ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነው፤ በእጅ ሲዳስሱት ግን አንዱ የእጅ ፈትል፣ ሁለተኛው አቡጀዲ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በኮምፒዩተር ከሚሠሩት የቤተ ሰብ ፊልሞች መካከል ጥቂቶቹን እየዳሰስን ለማነጻጸር አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለው ፊልም በእጅ ይሣል ነበር፤ በእያንዳንዱ ሰኮንድ 24 ሥዕል በዓይን ፊት ስለሚያልፍ የሠዓሊዎቹ ድካም እጅግ ከባድ ነበረ። በኮምፒዩተር ሲሠራ ግን ሥራው ከሥዕል ይልቅ ቅርጽ ከማውጣትና መብራት ከማብራት ጋር ይመሳሰላል። ሠሪው ሰውየውን ወይም እንስሳውን በመኪናው ውስጥ እንደ ሐውልት ይቀርጸዋል፤ አጥንትና መገጣጠሚያ ያበጅለታል፤ ቆዳና ልብስ ያለብሰዋል፤ በመጨረሻም መብራቱ በየት በኩል እንደሚበራ ይወስናል። ከዚህ በኋላ ብርሃኑ በየትኛው ጕንጭ ላይ እንደሚያርፍ፣ ጥላውም ወዴት እንደሚወድቅ መኪናው አንድ በአንድ ያሰላል። የ80 ደቂቃ ፊልም 115200 ሥዕል ማለት ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ ለማስላት ብዙ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይሠራሉ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚህ ብልሃት የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው «ቶይ ስቶሪ» ነው፤ ትርጓሜውም የመጫወቻ ታሪክ ማለት ነው። አዘጋጁ ጆን ላሰተር ይባላል። ታሪኩ ስለ መጫወቻ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። የዚያን ጊዜው መኪና የሠራው ነገር ሁሉ እንደ ፕላስቲክ እየለሰለሰና እያብለጨለጨ ይታይ ነበርና፣ ሠሪዎቹ የመሣሪያቸውን ድካም ዐውቀው በእውነትም ፕላስቲክ የሆኑትን ነገሮች መረጡ። በዚያው ፊልም ውስጥ ያሉት ልጅና ውሻ ዛሬ ሲታዩ እንደ እንጨት የደረቁ ናቸው። አሻንጉሊቱ ውዲ ግን አላረጀም። ዛሬ የሚያየው ሕፃን ፊልሙ ከተሠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ሆነው ሊያውቅ አይችልም፤ ቢነግሩትም ግድ የለውም።

ከዚያ ወዲህ መኪናው በየዓመቱ ጐለመሰ። በ2001 ዓ.ም. በወጣው «ሞንስተርስ ኢንክ» ሱሊ በተባለው ሰማያዊ ጭራቅ ገላ ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጠጕር ተቈጥሮ ተተከለለት፤ ሲሮጥም ሲወድቅም እያንዳንዱ ጠጕር በየራሱ ይንቀሳቀሳል። በ2003 ዓ.ም. «ፋይንዲንግ ኒሞ» ባሕሩን አመጣ። ዲዝኒ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው «ፍሮዝን» የበረዶው ነገር የሒሳብ ሊቃውንት ጥናት እስኪሆን ድረስ ተደከመበት። ይህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ዳሩ ግን ፊልሙ መልካም መሆኑን በጠጕሩ ብዛት ብቻ ልንፈርድ ብንሻ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ለዚህም ምስክር የሚሆኑ ሁለት ፊልሞች በአንድ ወር ውስጥ፣ በኖቬምበር 2004 ዓ.ም. ወጥተዋል።

አንደኛው ሮበርት ዜሜኪስ ያዘጋጀው «ዘ ፖላር ኤክስፕረስ» ነው። በዚህ ፊልም ቶም ሃንክስ የተባለው ስመ ጥር ተዋናይ ልዩ ልብስ ለብሶ፣ በፊቱም ላይ ምልክት ተለጥፎበት፣ የፊቱን እንቅስቃሴ መኪናው እየተከተለ መዘገበው፤ እርሱም በአንድ ፊልም ውስጥ የብዙ ሰዎችን ስፍራ ይዞ ተጫወተ። የተፈለገው ሥዕሉ ሰውን ፈጽሞ እንዲመስል ነበር። የሰው መልክም አለው፤ ቆዳውም ቆዳ ነው። ዓይኑ ግን አይኖርም። ብዙ ተመልካቾች የልጆቹን ዓይን አይተው ደነገጡ። ይህን ነገር ማሳሂሮ ሞሪ የተባሉ የጃፓን ሊቅ ገና በ1970 ዓ.ም. አስቀድመው ጽፈውት ነበር፤ ሰው ሠራሽ ነገር ሰውን እየመሰለ በሄደ ቍጥር እንወደዋለን፤ ሊመስል ጥቂት ብቻ ሲቀረው ግን በድንገት እንደ ሬሳ ያስፈራናል ብለው ነበር።

ሁለተኛው ብራድ በርድ ለፒክሳር ያዘጋጀው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ነው። በዚህ ፊልም አባትየው ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ወገቡ እንደ ሕፃን ወገብ የቀጠነ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም አይገኝም። ነገር ግን ሚስቱ ስትቈጣው ሲያፍር እናምነዋለን። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊዎች የሰውን ዓይን ከመጠን በላይ አስፍተው ይሥላሉ፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን ግን በጐን በኩል በአንድ ዓይኑ ብቻ ያሳዩታል። የሰውን ዓይን አይተው ልኩን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሊናገሩ የፈለጉት ነገር ስለ ነበራቸው ነው። የበርድም ሠዓሊዎች እንዲሁ አድርገዋል፤ የዜሜኪስ መኪና ግን ልኩን ሁሉ ለካ፤ የሚናገረውን አጣ።

አሁን ደግሞ ከመልኩ ወደ ቃሉ እንለፍ። ድሪምወርክስ የተባለው ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው «ሽሬክ» ለዚህ ዓይነት ፊልም የተለየው የኦስካር ሽልማት በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኗል። ታሪኩ ስለ አንድ አረንጓዴ ጭራቅ ነው፤ የቀድሞውን የንጉሥ ልጆች ተረት ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ያፌዝበታልም። ቧልቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለልጁ ነው፤ ጭቃና ግሣት። ሁለተኛው ከልጁ ራስ በላይ አልፎ ለአባትና ለእናት የሚደርስ ነው። ይህ አሠራር «ሰምና ወርቅ» ነው ሲሉ የሰማናቸው አሉ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን ይህን አይቀበልም። በቅኔ ሰሙና ወርቁ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ያድራሉ። በ«ሽሬክ» ግን የልጁ ቧልት በአንድ ወገን፣ የአዋቂው ቧልት በሌላ ወገን ቆሞ ልጁ አባቱ ሲሥቅ አይቶ ያለ ምክንያት ይሥቃል። ከዚህም በላይ የዚያን ዓመት ወሬ የያዘ ፌዝ ብዙ ስለ ሆነ ዛሬ ጨው እንደ ሌለው ወጥ የሚሆን ቦታ አለበት። ሁለቱን ወገን ሰምቶ መፍረድ ተገቢ ነውና በጎውንም እንናገር፤ በመጨረሻው ልዕልቲቱ ውብ ትሆናለች ብሎ ተመልካቹ ሲጠብቅ በጭራቅነቷ እንድትቀር ማድረጋቸው ደፋር ሥራ ነው። ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቢያሳያት አይጸጸትም።

ሰሙና ወርቁ በአንድነት የሚገኙበትን ለማየት የሚፈልግ ፒት ዶክተር ያዘጋጀውን «አፕ»ን ይመልከት፤ የወጣውም በ2009 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ክፍል ካርልና ኤሊ የተባሉ ባልና ሚስት ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እስከ እርጅናቸው ድረስ የኖሩት ኑሮ ያለ አንድ ቃል በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ልጅ ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ለጕዞ ያጠራቀሙት ገንዘብ ለጎማና ለጣራ ይውላል፤ በመጨረሻም እርሷ ትሞታለች፤ እርሱ ብቻውን ከቤቱ ይቀራል። ሕፃኑ የሚያየው በፊኛ የሚበርር ቤት ነው፤ አባትና እናት የሚያዩት ግን ያ ቤት ምን እንደ ተሸከመ ነው። ሥዕሉም አንድ ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ክርክር አለ። አንዳንድ ወላጆች «ልጅን ስለ ምን እናሳዝናለን? ይሥቅ እንጂ» ይላሉ። ለእነዚህ ወላጆች የሚስማማው ኢሉሚኔሽን የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያወጣው «ሚኒየንስ» 74 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ቢጫዎቹ ፍጥረቶች ከብዙ አገር ቋንቋ በተለቃቀመ ቃል ስለሚንጫጩ በማናቸውም አገር ያለ ልጅ እኩል ይሥቃል። ይህን አንነቅፍም። ልጅ ከረሜላ አይቅመስ አንልም፤ ራቱ ግን አይሁን። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ዶክተር «ኢንሳይድ አውት»ን አወጣ፤ ራይሊ የተባለች የ11 ዓመት ልጅ ከትውልድ ስፍራዋ ከሚኒሶታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስትወሰድ በልቧ ውስጥ ደስታና ኀዘን ሰው ሆነው ሲሠሩ ያሳያል። ደስታ ኀዘንን ለማባረር ስትሞክር ትውላለች፤ ልጅቱ የዳነችው ግን ባለቀሰች ጊዜ ነው። አገር ለቅቀው በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ከልጆቻቸው ጋር ቢያዩ ብዙ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይጠየቅ ይሆናል።

እኛም በበኩላችን ሕፃንን ከኀዘን መሸሸግ የአገራችን ልማድ አይደለም እንላለን። ልጆቻችን ድንኳን ሲተከል ያያሉ፤ በለቅሶ ቤት ቆሎ ያድላሉ፤ ለአርባና ለሰማንያ ሲደገስ ይላላካሉ። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የወጣው «ኮኮ» የሜክሲኮ ሰዎች ሙታናቸውን በዓመት በዓል እንዴት እንደሚያስቡ ሲያሳይ ልጆቻችን እንግዳ አይሆኑበትም። አንድ ነገር ግን እናስጠነቅቃለን። በፊልሙ ውስጥ ሟቹ በሕያዋን ዘንድ ከተረሳ ፈጽሞ ይጠፋል ይላል፤ ይህ የእኛ ሃይማኖት ትምህርት አይደለም። ልጁ ቢጠይቅ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ይመልስለት፤ ለዚህ ብሎ ፊልሙን መከልከል ግን አያስፈልግም።

ብዙ ዓመት ሁሉም ኩባንያ ፒክሳርን ለመምሰል ስለ ተሽቀዳደመ ፊልሞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች መስለው ነበር። ይህን ልማድ ካፈረሱት ሥራዎች ዋነኛው ሶኒ በ2018 ዓ.ም. ያወጣው «ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ» ነው። የዚህን ጋዜጣ ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው ሥዕሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ እንደሚገኝ ያውቃል። የሶኒ ሠዓሊዎች መኪናው ያን የማተሚያ ቤት ነጥብ እንዲሠራ አዘዙት። ደግሞም ማይልስ የተባለው ልጅ ጀማሪ ሳለ በሰኮንድ በ12 ሥዕል ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ይንተፋተፋል፤ ሥራውን ሲለምድ 24 ይሰጠዋል። ሕፃኑ ይህን አይቈጥርም፤ ነገር ግን ልጁ እንደ በረታ በዓይኑ ይሰማዋል። በ2022 ዓ.ም. የድሪምወርክስ «ፑስ ኢን ቡትስ፦ ዘ ላስት ዊሽ» በብሩሽ የተቀባ መስሎ መጣ፤ እጅግ ያምራል፤ ሞትን የሚመስለው ተኵላ ግን ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ነው።

በመጨረሻ የምንጠቅሰው ከአሜሪካ አልመጣም። ከላትቪያ፣ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከተባለ ወጣት አዘጋጅ የመጣው «ፍሎው» በ2024 ዓ.ም. የወጣ ነው። የተሠራው ብሌንደር በተባለ፣ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊወስደው በሚችል የኮምፒዩተር መሣሪያ ሲሆን፣ ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነው። በዚያው ዓመት «ኢንሳይድ አውት 2» ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በ2025 ዓ.ም. ሁለቱ ለኦስካር ሲወዳደሩ ግን ሽልማቱን የወሰደው «ፍሎው» ነው። የድመቷ ጠጕር እንደ ሱሊ አንድ በአንድ አልተተከለም፤ እንደ ቀለም ጭረት ሆኖ ነው የተሠራው። ስታዘነብል፣ ስትፈራ፣ ጀርባዋን ስትቈልፍ ግን ፈጽማ ድመት ናት። ውሃ ምድርን ሲያጥለቀልቅ ከሌሎች እንስሳት ጋር በአንዲት ጀልባ ትጓዛለች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል የሚናገር የለም።

ይህን ዝምታ ከሁሉ የበለጠ ወደድነው፤ ምክንያቱንም እንናገራለን። በብዙ ቤት ልጁ እንግሊዝኛውን ይሰማል፤ አያት ግን አትሰማም። በአሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን ቤት፣ በእስራኤልም ዕብራይስጡን በማያውቁ አዛውንት ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ ልጁ ሲሥቅ አያትየዋ ዝም ብላ መስተዋቱን ትመለከታለች፤ ጥቂት ቈይታም ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። «ዎል ኢ» የተባለው የ2008 ዓ.ም. ፊልም መጀመሪያውን ያለ ቃል ስለሚያሳልፍ እስከዚያው ድረስ ሁለቱም እኩል ይቀመጣሉ። «ፍሎው» ግን እስከ ፍጻሜው ያስቀምጣቸዋል፤ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በፊልሙ መካከል እግረ ረጅሙ ነጭ ወፍ ወደ ብርሃን ወጥቶ ይሰወራል፤ ወዴት እንደ ሄደ ፊልሙ አይናገርም። ልጁ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን ለመስጠት ከአባትና ከእናት ይልቅ አያቲቱ የምትሻል ይመስለናል።