የተቆለፈ የመሰለን ፎልደር

ለማስተማር ልምምድ ዳንግላ በወጣንበት ሰሞን፣ በተከራየነው ቤት በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አፓቺ የተባለውን ሰርቨር ጭነን የተማሪዎችን ውጤት እናስቀምጥበት ነበር። ፎልደሩን በፓስወርድ ቆለፍነውና ተኛን። አንድ ቀን ከጎረቤት ስልክ ቢሞከር፣ ምንም ሳይጠይቅ ወለል ብሎ ተከፈተ! ከመካከላችን «ተዉት ባካችሁ፣ ማን ያየዋል?» ያልን አልጠፋንም። ይህ አነጋገር ከመምህር የሚጠበቅ አይደለም።

ብልሽት በተራ ይፈተሻል። ጨርሶ ካልጠየቀ፣ ከ2.4 እትም ወዲህ አፓቺ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን የትእዛዝ ፋይል ካልተፈቀደለት አያነብም፤ በዋናው ማዋቀሪያ «አላው ኦቨርራይድ» የሚለው መስመር ይታይ። የኛም ጥፋት ይኸው ነበር። ፓስወርዱን ተቀብሎ «ስህተት 500» ካለ፣ የፓስወርዱ ፋይል አድራሻ ሙሉ መሆኑ፣ ሰርቨሩም ፋይሉን የማንበብ ፈቃድ ማግኘቱ ይጣራ። አዲስ ሰው ሲጨመር የቀድሞዎቹ ከጠፉ፣ በትእዛዙ ላይ «ሲ» የምትለዋ ፊደል ፋይሉን እንደ አዲስ ፈጥራዋለች ማለት ነው። ግራ ሲገባም የስህተት መዝገቡን ማንበብ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ የቆለፈ ሰው እንደ ባዕድ ሆኖ በሌላ መሣሪያ ይሞክር። የራሱ ብሮውዘር ፓስወርዱን አስታውሶ ሊያታልለው ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጅ ባይኖርስ? የልጅ ውጤት እኛ ዘንድ አደራ ነው። ነገ ኢንጅባራም ሆነ ገጠር ስንመደብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ዛሬ እንፈትሽ።