ሮም፣ ከባቡር እስከ አውሮፕላን

«ሮምን በአንድ ቀን» የሚሉ የጉዞ መርሐ ግብሮችን ባየሁ ቁጥር ለሚከተሏቸው ሰዎች እግር አዝናለሁ። ጠዋት ቫቲካን፣ ረፋድ ላይ ፓንቴዮን፣ እኩለ ቀን ላይ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ከሰዓት ኮሎሲየም። ሰውየው ማታ ሆቴሉ ሲገባ ሮምን ያየችው ስልኩ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ሰው እንዲህ ቢሯሯጥ አልፈርድበትም፤ ተመልሶ መምጣቱን በምን ያውቃል? እኔ የምሟገተው ከተማዋን ከዚህ በፊት አይቷት፣ አሁን አንድ ቀን ብቻ ለተረፈው መንገደኛ ነው። የእሱ ትልቁ ሥራ የሚተወውን መምረጥ ነው። ዘመድ ቤት ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ጓዳውን ካላየሁ አይልም፤ የለመደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጨዋወታል።

በእርግጥ በእኛ ፓስፖርት አውሮፓን ደጋግሞ ስለማየት ማውራት ራሱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም አድርጓል። የተሰጠው ምክንያት መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ አልተባበረም የሚል ነው። ዱላው ያረፈው ግን ልጁን ሊጠይቅ በሚሄድ ወላጅ ላይ ጭምር ነው። እኔና ባለቤቴም ቦሎኛ የምትማረውን ልጃችንን ጠይቀን ስንመለስ ነው ሮም ላይ አንድ ቀን የተረፈን። በረራችን የሌሊት ነበር።

ሻንጣችንን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ማስቀመጫ ሰጥተን ወጣን። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። እዚያ አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰው መካከል አምስት መቶዎቹ እነማን እንደነበሩ ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ከምጽዋ ወጣ ብላ ባለችው ዶጋሊ የደመሰሱት የኢጣሊያ ጦር ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ከጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ሥር መታሰቢያ አላቸው። ባለቤቴ ለሞተ ሰው ሐውልት ቢቆም ምን ነውር አለው ትላለች። እኔ ግን ያ መታሰቢያ ከሐዘን ይልቅ ቂም ያሳደረ ይመስለኛል፤ ከዓድዋ አርባ ዓመት በኋላ የመጣብን ጦር ቂሙን አልረሳም ነበር።

ቡናችንን እንደ አገሬው ባንኮኒው ላይ ቆመን ጠጣን። ተቀምጦ የጠጣ ለወንበሩም ይከፍላል። ከዚያ በእግር ወደ መሀል ከተማ። ፓንቴዮን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ መግቢያ ያስከፍላል፤ ሰልፉን በሩቁ አይተን አለፍነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በነፃ የሚገባበት ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ቀትር ላይ ስለሚዘጋ መጀመሪያ የሄድነው እዚያ ነው።

በግራ በኩል ጥግ ላይ ባለው ጸሎት ቤት ውስጥ የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1600 ግድም ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው። ቦታው ጨለማ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲገባ መብራት ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ከየአገሩ የመጣው ጎብኚ ሁሉ ኪሱን እንደሚፈትሽ እየመሰለ ሌላው እስኪከፍል ይጠብቃል። ሦስቱም ሥዕሎች ቀራጭ ስለነበረው ሐዋርያ ሆነው መብራቱ በክፍያ መሆኑ ሳይታሰብ የተሣለ አራተኛ ሥዕል ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝታችን ያየነው የግራውን ግድግዳ ነበር። ሁሉም የሚያየው እሱን ነው፤ ጌታ እጁን ዘርግቶ ገንዘብ ከሚቆጥሩት መሀል ማቴዎስን ሲጠራው። አሁን ጊዜ ስለነበረን ወደ ቀኙ ዞርን። በቀኙ ማቴዎስ መሠዊያው ሥር ወድቋል፣ ራቁቱን ሊሆን ትንሽ የቀረው ገዳይ ሰይፍ ይዞ ቆሞበታል፣ መልአክ ከላይ የሰማዕትነት ዘንባባ ያቀብለዋል። በምዕራባውያን ዘንድ በሚነገረው ገድል ይህ የሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ገዳዩን የላከው ማቴዎስ ጋብቻውን የተቃወመበት ንጉሥ ነው ይባላል። ሥዕሉ ላይ ግን አንድ እኛን የሚመስል ፊት የለም። የሚሸሸውም የሚጮኸውም የሮም ጎረምሳ ነው። ባለቤቴ «ወንጀሉን ለእኛ፣ መልኩን ለራሳቸው» ብላ ሳቀች። ሥዕሉ ስንት ዘመን እዚያው ተሰቅሎ ሲኖር እኛ ያየነው ሩጫ በሌለበት ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ በቺርኮ ማሲሞ ጥግ ወደ ፖርታ ካፔና ወረድን፤ ስንሄድም ኮዳችንን ከየመንገዱ የቧንቧ ውኃ እየሞላን። ሮም ከ1874 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈስ የነፃ ውኃ አላት። የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቱሪስት ሳይ ገርሞኝ አያልቅም።

ፖርታ ካፔና ላይ ለሮም መንገደኛ የሚታይ ብዙ ነገር የለም፤ መኪና፣ ሣር፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ግዙፍ ሕንፃ። ሕንፃው ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የታሰበ ነበር። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት፣ ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመው በዚህ ሕንፃ ፊት ነው። ጣሊያን ለመመለስ በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ላይ ፈርማ ነበር፤ ለመፈጸም 58 ዓመት ፈጀባት። ዛሬ ቦታው ላይ የመስከረም 11 ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ።

ሌላው ጎብኚ ምንም የሌለበትን ቦታ ለማየት እዚህ ድረስ አይመጣም። ለእኛ ግን የቀኑ ዋና ጉዳይ ይህ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ እኛ ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሆኖ ሳለ፣ ችቦ በያዙ ወታደሮች መሀል አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን በአፒያ መንገድ መጥቶ በዚህ በኩል አለፈ። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ ሐውልቱን የመፈትለኪያ ምልክት አድርገው ይዘውት ነበር ይባላል። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ደረሰ፤ ልዩነታቸው 25 ሰከንድ ነበር። ያን የመጨረሻ መንገድ በዝግታ ተጓዝነው። ትንሽ ዳገት አለው፤ በቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ይመስል ነበር።

ቅስቱ ዘንድ ስንደርስ ኮሎሲየም ፊት ለፊታችን ተገትሯል። አልገባንም። አዲስ አበባ ስንመለስ የሚጠብቀንን ጥያቄ እያወቅን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ልጠን በላን። ከዚያ በሜትሮ ወደ ተርሚኒ፣ ከተርሚኒ ግማሽ ሰዓት በሚፈጀው ቀጥታ ባቡር ወደ ፊዩሚቺኖ።

አውሮፕላን ስንጠብቅ ስለሚቀጥለው ቀን ተከራከርን። እኔ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ማየት እፈልጋለሁ። የእኛ መነኮሳት በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት የተሰጣቸው ቤት ነው፤ ሮም ካሉት መነኮሳት ግዕዝ የተማረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳትሟል። ይህን ዓምድ የምታነቡበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ቤት የገባው በዚያች ከተማ ነው። ለመግባት ግን ፈቃድ መጠየቅ፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ወረቀት ማሟላት አለ። ባለቤቴ ደግሞ ቪላ ቦርጌዜ ሣሩ ላይ ተጋድማ መዋል ትፈልጋለች። በራሴ ክርክር ከሄድን የረታችው እሷ ናት።