ባለቤቴ መኪና ሊገዛ የእናቴን ቤት ሊያስይዝ ነው!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ክህደትም አይደለም። ስለ መኪና ነው! "መኪና ደግሞ በዚህ ዓምድ ምን ሊሠራ መጣ?" እንዳትሉ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ከብዙ የፍቅር ደብዳቤ የባሰ ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጸሐፊዋ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን እነሆ፦

"...እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እሱ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ 30 ሺህ ብር አይሞላም። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ከአባቱ ውርስ ድርሻውን አገኘ፤ የእኔም እቁብ ወጣ። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምናመላልስበት፣ አንኮበር ያለችውን እናቴንም በየወሩ ለደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል የምናመጣበት አንድ ያገለገለ መኪና እንግዛ ብለን ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርን። ችግሩ የመጣው ደላላ ሲገባበት ነው። በእጃችን ባለው ገንዘብ አነስ ያለች አሮጌ መኪና ትገኛለች። እሱ ግን 'ያቺ የአንኮበርን ዳገት አትወጣም፤ ሰውም ይስቅብናል' ብሎ ራቭ ፎር ካልሆነ አለ። የሚጎድለው 600 ሺህ ብር ነው። ከባንክ ለመበደር ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለውን የእናቴን ቤት እናስይዝ አለኝ። እናቴ የምትኖረው በዚያ ቤት ኪራይ ነው! ስንነግራት 'ለልጆቼ ያልሆነ ቤት ምን ያደርግልኛል፤ ካርታውን ውሰዱ' አለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እንቢ ስለው 'አታምኚኝም ማለት ነው' ይለኛል። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ? ለመሆኑስ ምን ዓይነት መኪና ነው ለእኛ የሚሆነን?..."

አይደለሽም እህቴ! ባለቤትሽም ክፉ ሰው አይደለም። ወርሱን ጠጥቶ አልጨረሰውም፤ ለቤተሰቡ አዋለው። እንዲያውም ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ። እስቲ ከእሱ እውነት እንጀምር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ የሚሠራው እየተነፈሰ ነው። በግምት በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ እናንተ ከተማ ስትደርስ ወደ 50 ገደማ ወርዳለች ማለት ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ እናትና ጓዝ ተጭኖባት ከአንኮበር ስትመለሱ ዳገቱ ላይ ማቃሰቷ አይቀርም። ባለቤትሽ እዚህ ላይ ተሳስቷል ማለት አልችልም።

የተሳሳተው ከቪትዝ ተነስቶ በአንድ ዝላይ ራቭ ፎር ላይ በመድረሱ ነው። በመካከል እኮ ሌላ መኪና አለ! ከ1,300 እስከ 1,600 ሲሲ የሆነ ያሪስ ወይም ኮሮላ፣ ሞተሩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ለእናንተ ይበቃችኋል። መለዋወጫውም በየሱቁ አለ፤ የማያውቀው መካኒክም የለም። ደግሞ መንገዳችሁን ቁጠሩት። በየቀኑ ከቤት ትምህርት ቤት ነው። በወር አንዴ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር ነው። አልፎ አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ተነድቶ አዲስ አበባ ነው። መኪና የሚገዛው ለዘወትሩ መንገድ ነው እንጂ በዓመት አንድ ቀን ለሚያጋጥም ጭቃ አይደለም። ለዚያች ቀን ኮንትራት ይያዛል! ነዳጁንም አስቢው። አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ኮሮላዋ በግምት 18 ሊትር ብትጠጣ፣ አሮጌ ራቭ ፎር 26 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ለብዙ ዓመት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ የሚስቀው ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ደላላው "መኪና አይወድቅም፤ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም" ብሎት ይሆናል። ይህ ወሬ ከመሬት አልተነሳም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜው የገፋ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። ጥር 2016 ዓ.ም ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ ተወደደ። ነገር ግን የትናንቱ ጭማሪ ለነገ ዋስ አይሆንም! ደግሞስ መኪናው ቢወደድ የባንክ ዕዳ የሚከፈለው በየወሩ በጥሬ ብር ነው እንጂ በመኪና ግምት አይደለም።

ስሌቱን ወረቀት ላይ አውጡት። ወለድ ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል 18 በመቶ ነው እንበል። 600 ሺህ ብር በአራት ዓመት ለመክፈል በወር 17,600 ብር ገደማ ያስፈልጋል። አራቱ ዓመት ሲያልቅ የከፈላችሁት 846 ሺህ ብር ያህል ነው፤ 246 ሺህ የሚሆነው ወለድ ነው። ደሞዛችሁ 30 ሺህ አይሞላም አልሽ። ከግማሽ በላዩ ለባንክ ሄደ! ጤፉስ? የልጆቹ ክፍያስ? ነዳጁስ? ጎማውስ?

"ማታ ማታ ሰው እየጫንኩ እሞላዋለሁ" ካለሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። የግል ታርጋ ባለው መኪና በክፍያ ሰው መጫን አይፈቀድም። ከዚህ የባሰው፣ ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሳለ ለደረሰ አደጋ "አልከፍልም" ሊል ይችላል። ያን ጊዜ መኪናውም የለም፤ ዕዳው ግን አለ!

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በ1990 ዓ.ም የወጣ አዋጅ ቁጥር 97 የሚባል ሕግ አለ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ፍርድ ቤት እስኪወስን መጠበቅ የለበትም። አንድ የፋብሪካ ቅነሳ፣ አንድ ሕመም፣ አንድ የመኪና አደጋ... ከዚያ እናትሽ የሚተዳደሩበት ኪራይ ሄደ። "ካርታውን ውሰዱ" ያሉሽ ስለ ሐራጅ የሚያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ ነው። እናት ደግሞ ልጇ ስትጠይቃት እንቢ ማለት አይሆንላትም። ስለዚህ እንቢ ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ። መኪናው የሚገዛው እናትሽን ሐኪም ቤት ለማመላለስ አይደል? እሳቸውን ሊያመላልስ የመጣ መኪና ቤታቸውን ይዞ ከሄደ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነ!

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዕዳው ከመኪናው አይለፍ። ከከፋ መኪናው ይሂድ፤ ቤት ግን አይነካ። መጀመሪያ በእጃችሁ ካለው ገንዘብ አንድ አስረኛውን ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጎማና ለመጀመሪያው ጥገና ለይታችሁ አስቀምጡ። በቀረው ኮሮላ ወይም ያሪስ ፈልጉ። ትንሽ ከጎደለ በየመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማህበር ካለ እሱን ጠይቁ። ባንክም ከሆነ ራሱን መኪናውን ብቻ ይዞ የሚያበድር እንዳለ አነጋግሩ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ ማለቱ አይቀርም። ክፍያው፣ ነዳጁና ጥገናው ተደምሮ ከደሞዛችሁ ሩቡን እንዳያልፍ። ካለፈ አንድ ዙር እቁብ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ "የኤሌክትሪክስ?" ብለሽ ጠይቀሻል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን በመጠኑ ይሞላል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያገለገለ ሲሆን ዋናው ወጪ ባትሪው ነው። ብርድ ደግሞ ባትሪው የሚያስኬደውን ርቀት ይቀንሳል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም! ከአዲስ አበባ መመለሻውም ዳገት ነው። የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ከሌላችሁና የባትሪውን ጤና መርምሮ የሚነግራችሁ ባለሙያ ካላገኛችሁ ለጊዜው ይቆያችሁ።

መኪና ስታዩ ደግሞ እነዚህን አትርሱ። አንደኛ፣ በጠዋት ሂዱ፤ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ። ብርድ ላይ በአንዴ የሚነሳ ሞተር ነው የሚፈለገው። በጠዋት ነጭ ጭስ ማየት በእናንተ አገር ያለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ቴስታታው ጋ ችግር ሊኖር ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነውና "ደህና ዋሉ" ብላችሁ ውጡ! ሦስተኛ፣ ራዲያተሩን እዩ። እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የራዲያተር ክዳኑ በደንብ መግጠም አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሞላ ራዲያተር ሌሊቱን ሊረጋ ይችላል፤ ኩላንት ይጨመር። አራተኛ፣ ፍሬን! ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። ስትወርዱም ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያሳጣል። አምስተኛ፣ ቪትዝ ካማራችሁ መሪውን አስመርምሩ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሟ ነው፤ እዚያ መሪ በቀኝ ነው። ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ በደንብ መሠራቱን መካኒክ ይይላችሁ። መካኒኩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

ወረቀቱስ? ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ቦሎው ይታደስ። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ትፈርም። "ስሙን በኋላ ታዞሩታላችሁ፤ ለጊዜው ውክልና እሰጣችኋለሁ" ካለ አትቀበሉ። በመሠረቱ ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮ ይቀራል፤ ከወራሾች ጋር ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ።

አሁን ለባለቤትሽ ምን ትይዋለሽ? "አላምንህም" አትበይው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። 17,600 ብሩን ጻፊና "ከየትኛው ወጪ እንቀንስ?" በይው። እሱ ራሱ ይፈልግ። "እኔን ካመንሽ ቤቱን አስይዢ" ካለ ደግሞ ሳቅ ብለሽ እንዲህ በይው፦ "ባንኩ እንኳን አንተን ብቻ አምኖ አያበድርም፤ ለዚህ አይደል ቤት የሚጠይቅህ? እኔ አንተን አምኜ ነው ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት። ቤቱ ግን የእኔም የአንተም አይደለም።" በዳገቱ ጉዳይ ላይ እውነት እንዳለው ንገሪው፤ ከቪትዝ ወደ ኮሮላ ከፍ ያላችሁት በእሱ ምክር መሆኑን ይወቅ። ወንድ ልጅ አንድ ነገር ላይ ካሸነፈ ሌላውን ለመተው አይከብደውም!

የጎረቤት ሳቅ ሁለት ሳምንት ነው። የባንክ ወር ግን በየ30 ቀኑ ይመጣል። እናትሽን በኮሮላ አምጥተሽ ሐኪም ቤት በር ላይ ስታወርጂያቸው ማን ይስቅብሻል? ካርታውን ለእሳቸው መልሺላቸውና እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።

የሆነውን ጻፊልን። እናንተም አንባብያን እንዲህ ያለ የጨነቃችሁ ነገር ካለ ላኩልን፤ ስማችሁ አይወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!