«ያኔ አይታወቅም ነበር» አትበሉን

እሑድ እሑድ ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ የድሮ የአሜሪካ መኪና ያላቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ። አጎቴ ከእነሱ አንዱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ሲወጡ የ1966 ስሪት ባለ ሁለት በር መኪና ገዙ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። «መስል ካር» ይሏታል። መካከለኛ ወይም ትንሽ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነበት፣ ከ1964 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የነገሠ የመኪና ዘር ነው። እኔ መኪና ማድነቅ ብዙም አላውቅበትም፤ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ። ቡናዬን ይዤ አጠገባቸው የምቆመው ለወሬው ነው።

ወሬው ደግሞ ሁሌ አንድ ቦታ ይደርሳል። «ምናለ ከፋብሪካው እንዲህ ሆና ብትወጣ ኖሮ!» አንዱ ዲስክ ፍሬን ይላል። አንዱ ስለ መሪው ያማርራል፤ ከዳር እስከ ዳር ለማዞር ክንድ ይዝላል። ሌላው ትከሻ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ፣ ሌላው ከነዳጅ ታንኩና ከኋላ ወንበሩ መሀል አንዲት ብረት ይመኛል። ምኞቱ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ «ምን ይደረግ፣ ያኔ እኮ አይታወቅም ነበር» ይላሉ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ አልነቀንቅም። ምክንያቱም ውሸት ነው። ይታወቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ቁልፉን ሰጡኝና «እስቲ አንተ ንዳት» አሉኝ። የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ የዚያ ዓመት አብዛኛው የአሜሪካ መኪና በዚህ ነገር አሠራሩ አንድ ነው። ቁልቁለት ላይ ነን፣ ታች ቀይ መብራት አለ፣ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለሉ ድረስ ሄደ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም። አጎቴ አልጮኹም። «ማርሽ ቀንስ፣ ማርሽ ቀንስ» አሉ፣ የእጅ ፍሬኑንም ራሳቸው ጎተቱት። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወጥተን የሰው ግቢ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆምን። ከኋላ ወንበር የአጎቴ የልጅ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወገቧ ላይ ብቻ የምትታሰር ቀበቶ አድርጋ።

መካኒኩ ጎማውን ሲፈታ የተገኘው ጥፋት ከጣት ቀለበት ብዙም የማትበልጥ ላስቲክ ናት። የኋላ ግራ ጎማ ፍሬን ላይ ያለችው ማሸጊያ ተቀድዳ ዘይቱ ፈስሷል። ይኸው ነው። ግን በዚያ አሠራር አራቱም ጎማዎች ግፊት የሚያገኙት ከአንድ ማስተር ሲሊንደር፣ ከአንድ መስመር ነው። አንዱ ጋ ከፈሰሰ ለአራቱም አለቀ። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ነውር እናየዋለን። አንዲት ነገር ስትበላሽ ሁሉም የሚወድቅ ከሆነ፣ ጥፋተኛዋ የተበላሸችው ነገር አይደለችም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲሊንደሩን ለሁለት መክፈል፣ የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ። አንዱ ቢያልቅ ሌላው ያቆምሃል። ካዲላክና ራምብለር ይህን በ1962 ሞዴሎቻቸው ላይ አድርገውታል። የአጎቴ መኪና ከመሠራቷ ከአራት ዓመት በፊት! የተቀሩት በብዛት የተከተሉት በ1967 ሞዴል ነው። ለምን በ1967? መስከረም 1966 ላይ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ፤ በዚያ ሕግ መሠረት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ግዴታ ሆኑ። የተከፈለው ፍሬንም፣ ከፊት ለሚቀመጡት ትከሻ ላይ የሚያልፈው ቀበቶም በዚያ ውስጥ ናቸው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ወደ ፍሬኑ ዓይነት ልምጣ። ታምቡር ፍሬን ሸራው በተዘጋ ከበሮ ውስጥ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ነው የሚያቆመው። ሙቀቱ እንደልቡ አይወጣም። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። ከከፍተኛ ፍጥነት አንዴ በደንብ ያቆምሃል። ሁለተኛው ላይ ትጠራጠራለህ። ሦስተኛው ላይ ትጸልያለህ። ዲስክ ግን አየር ላይ የተጋለጠ ነው። ጃጓር በ1953 የለማንን ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነው። ሲትሮየን በ1955 ዲኤስን የፊቱን ዲስክ አድርጎ ለሕዝብ ሸጠ። እዚያው አሜሪካ ስቱድቤከር አቫንቲ በ1963 ሞዴሉ የፊት ዲስክ ነበረው። ከዚያ በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ መጣ፤ 325 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ታምቡር። ዲስክ በገንዘቤ ልጨምር ብትል እንኳ እስከ 1967 ሞዴል ድረስ በአማራጭ ዝርዝሩ ላይ የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ያንን ሞተር የሠሩት መሐንዲሶች አላወቁም ልትሉኝ ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ፍሬኑ አይደለም። ጥቂት ቀዳዳዎች ናቸው። ካሮል ሼልቢ በ1965 ፎርድ ሙስታንግን ለውድድር አዘጋጅቶ ጂቲ350 ብሎ ሲያወጣ፣ የፊት ጎማውን ከላይ የሚይዘው ክንድ የሚታሰርበትን ቦታ አንድ ኢንች ዝቅ አደረገው። ቀዳዳዎቹ ዝቅ ብለው ተበሱ፣ በቃ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የውጪው ጎማ በጠርዙ መቆሙ ይቀንሳል፤ በሰፊው አስፋልቱን ይረግጣል። ፋብሪካ ውስጥ ቀዳዳ የሚበሳው ማሽን ነው፤ ለማሽኑ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ቀዳዳ አንድ ነው። ግን ተራው ሙስታንግ አላገኛትም። ይባስ ብሎ በ1966 ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች በኋላ ራሱ ጂቲ350 ላይም ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ቀረች። ዛሬ ባለቤቶቹ ጋራዣቸው ውስጥ መሰርሰሪያ ይዘው ያቺኑ ቀዳዳ ይበሳሉ። ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ኢንች!

እዚያው ሙስታንግ ላይ እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የነዳጅ ታንኩ የላይኛው ገጽ ራሱ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ነው። ሻንጣህን የምታስቀምጠው ቤንዚን ላይ ነው ማለት ነው። ከሱ ወዲህ የወንበሩ መደገፊያ አለ፣ ከዚያ ሰው። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

አሁን መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ዋጋ»። መኪናው የተወደደው ርካሽ ስለነበረ ነው፤ ሙስታንግ ሚያዝያ 1964 ሲወጣ መነሻው 2,368 ዶላር ነበር፣ ወጣት ሠራተኛ ሊገዛው ይችላል። እሺ። ግን የአማራጭ ዝርዝሩን አንብቡት። በ1965 የፊት ዲስክ ፍሬን ለባለ ቪ8 ሙስታንግ ከ60 ዶላር በታች ነበር። ጣሪያውን በቪኒል መሸፈን ከ70 ዶላር በላይ። ጣሪያ ማልበስ መኪና ከማቆም በልጦ! ሻጩም ቪኒሉን በደስታ ያሳይሃል፣ ምክንያቱም ከመንገድ ማዶ ይታያል። ገዢው ራሱ መረጠ የሚለኝ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው ይንገረኝ። በመደበኛው የሚመጣው ነገር ተፈጥሮ አይደለም፤ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ወስኖታል።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ምኞቱ ሁሉ ክስ አይደለም። ክራይስለር በዚያ ዘመን መኪኖቹ ላይ ባትሪውን የሚሞላውን ኤሌክትሪክ በዳሽቦርዱ አምፒር መለኪያ በኩል ያዞረው ነበር፤ ዛሬ ባለቤቶቹ የቀለጠ መሰኪያ እያገኙ ይረግሙታል። ግን ያ መሰኪያ የተሠራው ለዘመኑ ጭነት ነው፤ ስልሳ ዓመት ዝጎ ትልቅ ድምፅ ማጉያ እንዲሸከም ማንም አላሰበም። ዝገቱም እንደዚያው። እርጅናን ፋብሪካ ላይ አልጭንም። የምጭነው መኪናው አዲስ ሆኖ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የነበረውን ጉድለት ነው።

ይህን ያህል የምናደደው የመኪና ሰው ሆኜ አይደለም አልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔም ተናግሬያት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ ገንዘብ የሚላክበት መተግበሪያ ላይ ሠርቻለሁ። ቁጥር ታስገባለህ፣ መጠን ታስገባለህ፣ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም አውጥቶ «ለእከሌ ነው፤ ልቀጥል?» የሚል ገጽ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስብሰባ ላይ «ተጠቃሚውን ያዘገየዋል፣ ለሚቀጥለው ስሪት ይቆይ» ተባለ፤ ዝም አልኩ። ያን ሳምንት የመክፈቻውን ገጽ አኒሜሽን ስናሳምር ከረምን። ቪኒል ጣሪያ በሉት።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ቢሮ መጡ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ አሃዝ ስህተት ለማያውቁት ሰው ልከዋል። ሰውየው ስልኩን ዘግቷል። ገንዘቡ አልተመለሰም። እኔ ነበርኩ ያናገርኳቸው። «እናቴ፣ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማል ብለን አላሰብንም» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ፣ ጭራሽ «አይ ልጄ፣ ምን ታደርግ» ብለው አጽናኑኝ። ኮዱ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር።

አጎቴ የተከፈለውን ማስተር ሲሊንደር አስገጥመዋል። መጀመሪያ «ኦሪጅናልነቷ ይበላሻል» ብለው ነበር። ፉክክር ላይ ዳኞች ለእንዲህ ያለው ለውጥ ነጥብ ይቀንሳሉ፣ ሌላው ቀልድ ይኼ ነው፤ ጉድለቱ ቅርስ ሆኗል። የፊት ዲስኩ ታዝዟል። ትከሻ ላይ የሚያልፈው የኋላ ቀበቶ ግን ገና ነው። ለሱ የመኪናዋን አካል መብሳት ያስፈልጋል፤ «አስብበታለሁ» ብለዋል አጎቴ፣ መሰርሰሪያውን ከእጄ ወስደው መደርደሪያ ላይ እያስቀመጡ። ልጅቷን እሑድ እሑድ በእኔ መኪና ነው የማመጣት። ታኮርፈኛለች፤ ሞተሩ አይጮህም ትላለች።